አቤቱታና መልሱ፦ ከነፃነት በኋላ ሕዝብ ለጠቅላይ ገዢው የጻፈው ማመልከቻ እንደ ታሪክ ምንጭ

መግቢያ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል በትምህርት ቤቶቻችን ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ከተጻፈውም ቢሆን የሚወረሰው ሁሉም አይደለም። ከላይ ወደ ታች የወረደው አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ በቁጥሩ እየተጠራ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ፣ ከታች ወደ ላይ የወጣው ማመልከቻ ግን በጽሕፈት ቤቱ መደርደሪያ ላይ በሲባጎ እንደ ታሰረ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ የአስተዳደር ታሪካችን ምን እንደ ታዘዘ በሚገባ ይነግረናል፤ የታዘዘው ነገር በገበሬው ደጅ ሲደርስ ምን እንደ ሆነ ግን እምብዛም አይነግረንም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ አገሪቱ አስተዳደሯን እንደገና ባቋቋመችበት ዘመን ሕዝብ ለጠቅላይ ገዢው ያቀርበው የነበረው አቤቱታ እንደ ታሪክ ምንጭ እንዴት ሊነበብ እንደሚገባው ማመልከት ነው። እንደ ምሳሌ የሚወሰደው በቀድሞው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ በሐዋሳ ሐይቅ አካባቢ የምትገኘውና ዛሬ በሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ሥር ያለችው ቡሹሎ ናት። ለማነጻጸሪያም በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ዜጎች ለአገረ ገዢዎቻቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች በአጭሩ ይወሳሉ። ጽሑፉ የሚያጸናው ነጥብ አንድ ነው፤ ይኸውም አቤቱታ የተበደለውን ሰው ድምፅ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትን ጆሮም የሚያሳይ ሰነድ መሆኑና፣ ስለዚህም ከመልሱ ተለይቶ ሊነበብ የማይገባው መሆኑ ነው።

1. ከጩኸት ወደ ጽሑፍ

አቤቱታ በአገራችን ከወረቀት በፊት ጩኸት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 እና በ1771 በጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ፍትሕ ፈላጊዎች ከማለዳ ጀምሮ «ጃን ሆይ» እያሉ ይጮኹ እንደነበር ጽፏል። እውነተኛ አቤት ባይ በማይገኝበት የክረምት ወራትም ድምፁ እንዳይቋረጥ የሚጮኹ ሰዎች ይመደቡ እንደነበር ጨምሮ ተናግሯል። ይህ ነገር ለፈገግታ የሚጋብዝ ቢመስልም ትርጉሙ ጥልቅ ነው። ጩኸቱ የተበዳዩ መብት ብቻ ሳይሆን የንጉሡ ክብር ጌጥም እንደ ነበረ ያስረዳል፤ አቤት የማይባልበት ዙፋን እንደ ባዶ ይቆጠር ነበርና።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም የዚሁ ሥርዓት ሌላው ገጽታ ነው። የማይከሰስ ገዢ ባለበት አገር ለተበዳዩ የሚቀረው መንገድ መለመን፣ ማለትም ደጅ መጥናት ነው። ደጅ ጥናት ጊዜን፣ ስንቅንና ትዕግሥትን የሚጠይቅ ተቋም ነበር። ሰው በጌታው ደጅ ወራት፣ አልፎ አልፎም ዓመታት ይቆይ ነበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት ይህ ልማድ ቀስ በቀስ ወደ ጽሑፍ ተሸጋገረ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት ተገዢዎች በሕግ በተወሰነው ሥርዓት ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም በ63ኛው አንቀጽ ማንም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ደነገገ። በዚህም የቀድሞው ጩኸት ሕጋዊ ስም አገኘ፤ ደጅ ጥናቱ ግን አልቀረም። ሰውዬው በደጅ ሲጠብቅ፣ ወረቀቱ ደግሞ በውስጥ ይጠብቅ ጀመር።

2. ወረቀቱ የሚጓዝበት መንገድ

ከነፃነት በኋላ የተቋቋመው የአገር ግዛት አስተዳደር መሠረት የተጣለው በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ደንብ ነው። በዚህ ደንብ አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፋፈለች። ገዢዎች ከማዕከላዊው መንግሥት የሚሾሙና ደመወዝ የሚቆረጥላቸው ሹማምንት ሆኑ፤ በራሳቸው ሥልጣን ግብር የመጣል መብትም ቀረባቸው። ከጦርነቱ በፊት ገዢው በግዛቱ ከሚያገኘው ይተዳደር ስለ ነበር ለውጡ ታላቅ ነበር። ከዚህ በኋላ የሲዳሞ ገበሬ በሹም ላይ የሚያቀርበው ቅሬታ፣ ቢያንስ በሕጉ ረገድ፣ በመንግሥት ሠራተኛ ላይ የሚቀርብ ክስ ሆነ።

የቡሹሎ አካባቢ ነዋሪ አቤቱታ የሚያልፍበት መንገድ እንግዲህ በዚህ ደረጃ የተሠራ ነበር። ከምክትል ወረዳ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ወደ ነበረው ወደ ይርጋለም ይወጣል። ከሐይቁ አካባቢ እስከ ይርጋለም ያለው ርቀት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ ለሚወጣው ግን ከሐዋሳ ብቻ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጉዞውን፣ በጉዞው የሚባክነውን የእርሻ ቀንና የማመልከቻውን ወጪ ስናሰላ፣ አቤት ማለት ራሱ ዋጋ የሚጠይቅ ሥራ እንደ ነበር እንረዳለን።

አቤት የሚያሰኘውስ ምን ነበር? ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ጥሩ ማስረጃ በራሱ በግብሩ ሕግ ውስጥ ይገኛል። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሠረት በአንድ ጋሻ መሬት ላይ የሚከፈለው ግብርና የአሥራት ምትክ ተደምሮ ለለም መሬት 50 ብር፣ ለለም ጠፍ 40 ብር፣ ለጠፍ 15 ብር ነበር። በለምና በጠፍ መካከል ያለው ልዩነት 35 ብር ነው። ይህን ልዩነት የሚወስነው በመዝገቡ ላይ የሚሰፍር አንድ ቃል ነው። ጠፍ የነበረው «ለም» ተብሎ ቢመዘገብ ባለመሬቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይከፍላል፤ ሸክሙም ዞሮ በጭሰኛው ጫንቃ ላይ ለመውደቅ የሚያግደው ነገር አልነበረም። አዋጁን ብቻ የሚያነብ ተማሪ ሦስት የተስተካከሉ ቁጥሮችን ያገኛል። ከአዋጁ ጋር አቤቱታዎችን የሚመረምር ግን መሬቱን ማን መደበው፣ ማንስ ተጎዳ፣ ማን ተጠቀመ ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል።

3. ባለጉዳዩና ባለብዕሩ

አቤቱታን እንደ ታሪክ ምንጭ ለሚመረምር ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ቃል ነው?» የሚል መሆን አለበት። በዚያ ዘመን አብዛኛው የገጠር ሕዝብ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። በሲዳማ ምድር ደግሞ ሌላ ችግር ተጨምሯል። ባለጉዳዩ የሚናገረው በሲዳማ ቋንቋ ሲሆን፣ የመንግሥት ጽሕፈት ቤትና ፍርድ ቤት የሚሠሩት በአማርኛ ነበር። ስለዚህ በደሉ ከአንደበት ወደ ወረቀት እስኪደርስ ድረስ ሁለት ጊዜ ይለወጣል፤ መጀመሪያ በአስተርጓሚ አፍ፣ ቀጥሎም በማመልከቻ ጸሐፊ እጅ።

ማመልከቻ ጸሐፊው በፍርድ ቤትና በአስተዳደር ጽሕፈት ቤት አጠገብ ተቀምጦ በገንዘብ የሚጽፍ ሰው ነው። ሥራው ቃላትን መገልበጥ ብቻ አልነበረም። የሹሙን ማዕረግ በአግባቡ ይጠራል፤ «ዝቅ ብዬ አመለክታለሁ» በሚል ትሕትና ይከፍታል፤ የባለጉዳዩን ረጅም ትረካ «ጉዳዩ» በሚል አርእስት ሥር ያሳጥራል፤ በመጨረሻም ለማይጽፈው ባለጉዳይ የአውራ ጣት አሻራ ያስደርጋል። ትሕትናው የሰውየው ስሜት ነው ወይስ የጽሑፉ ልማድ? «እግርዎ ሥር ወድቄ» ያለው ገበሬው ነው ወይስ ጸሐፊው? ይህን ሳይለዩ ከአቤቱታ ቃላት ብቻ ተነሥቶ ሕዝቡ ገዢውን ያመልክ ነበር ብሎ መደምደም ትልቅ ስሕተት ላይ ይጥላል። ወገቡን ዝቅ ባደረገው መግቢያ ስር ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ ጥያቄ ይገኛል፤ መሬቴ ይመለስልኝ፣ ከሕግ ውጭ የተወሰደብኝ ይከፈለኝ፣ ሹሙ ይጠየቅልኝ የሚል።

ከዚህ ላይ የሲዳማን ባህላዊ ሸንጎ ማስታወስ ይገባል። በሶንጎ ከሳሽና ተከሳሽ በሽማግሌዎች ፊት በአንድነት ይቀመጣሉ። «አፊኒ» የተባለው የመመካከር ልማድ፣ ስሙ ራሱ «ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት ሲሆን፣ የሌላው ወገን ቃል ሳይሰማ ወደ ውሳኔ እንዳይኬድ የሚያግድ ነው። በወረቀቱ ሥርዓት ግን ከሳሽና ተከሳሽ ላይገናኙ ይችላሉ። የሚገናኙት ደብዳቤዎቻቸው ናቸው፤ ደብዳቤዎቹም የሚገናኙት ባለጉዳዩ በማያውቀው ቢሮና በማይሰማው ቋንቋ ነው። ስለዚህ ከሶንጎ ወደ ማመልከቻ የተደረገው ሽግግር ከአፍ ወደ ጽሑፍ የመሸጋገር ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የመሰማትን ትርጉም ራሱን የለወጠ ነበር።

4. ከሌላ አገር የተገኘ ማነጻጸሪያ

የሕዝብን አቤቱታ ከአስተዳደር መልሶ መቋቋም ጋር አያይዞ ለማጥናት የሚረዳ ሌላ ምሳሌ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1865 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁሮች ከባርነት ወጡ። እስከ 1877 የዘለቀው የመልሶ ግንባታ ዘመን ተብሎ በሚታወቀው ጊዜ፣ ነጭም ጥቁርም፣ ባለመሬትም ድሃም ለየግዛታቸው አገረ ገዢ ይጽፉ ነበር። የሚሲሲፒ አገረ ገዢዎች የደብዳቤ መዛግብት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። አንዱ እርዳታ፣ ሌላው ሹመት፣ ሌላው ምሕረት፣ ሌላው ከታጣቂዎች የሚጠብቀው ኃይል ይለምናል።

በብዙዎቹ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር በሕግ ተከልክሎ ስለ ነበር፣ ከነፃነት በኋላም ብዙዎች ቃላቸውን በሌላ ሰው እጅ አስጽፈው በፊርማ ቦታ የመስቀል ምልክት ያደርጉ ነበር። የእኛው አሻራና የእነርሱ ምልክት ወንድማማቾች ናቸው። የጥያቄውም ይዘት ይመሳሰላል። በደቡብ ካሮላይና በኤዲስቶ ደሴት የነበሩ ነፃ ወጪዎች በ1865 ጥቅምት ለፕሬዚዳንት አንድሪው ጆንሰን ያቀረቡት አቤቱታ ያለሙትና የሰፈሩበት መሬት ለቀድሞ ጌቶቻቸው እንዳይመለስ የሚለምን ነበር፤ ሆኖም አልተፈጸመላቸውም።

የሚሲሲፒ ታሪክ ሌላ ትምህርት ይጨምራል። በ1875 መስከረም በክሊንተን ከተማ ብዙ ጥቁሮች ተገደሉ፤ ምርጫው በተቃረበበት በዚያ ወቅት ለአገረ ገዢው ለአደልበርት ኤምስ የድረሱልን ጥሪ ጎረፈለት። አገረ ገዢው ጥሪውን የሰማ ቢሆንም በእጁ በቂ ኃይል ስላልነበረው ከፌዴራል መንግሥት ጦር ጠየቀ፤ አልተላከለትም። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ራሱ ሥልጣኑን ለቀቀ። እዚያ ጆሮ ነበረ፣ ክንድ ግን አልነበረም።

በእኛ አገር ነገሩ በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ነበር። ጠቅላይ ገዢው ፖሊስም፣ ጦርም፣ የማዘዝ ሥልጣንም ነበረው። ነገር ግን አስተዳደሩ የቆመው በባለመሬቱ መደብ ላይ ስለ ነበር፣ ጭሰኛው በባለመሬቱ ላይ የሚያቀርበው ክስ የሚሰማው በአብዛኛው የባለመሬቱ ጥቅም ተካፋይ ወይም ወዳጅ በሆነ ሹም ነበር። እዚህ ክንድ ነበረ፣ ጆሮው ግን ያዳላ ነበር። ሁለቱ ታሪኮች ተጣምረው ሲነበቡ፣ አቤቱታ ፍሬ እንዲያፈራ መስማትና መቻል በአንድ ስፍራ መገናኘት እንዳለባቸው ያስተምራሉ።

5. «ለሚመለከተው ይመራ»

የመዝገብ ቤት ልማድ የሚያውቅ ሁሉ በማመልከቻ ግርጌ ወይም ራስጌ ላይ የሚጻፈውን አጭር ቃል ያውቃል፤ «ለሚመለከተው ይመራ»፣ «ተጣርቶ ይቅረብ»። ለታሪክ ተመራማሪ ይህ አንድ መስመር ከማመልከቻው ሁሉ ያላነሰ ዋጋ አለው። አቤቱታው በማን ላይ እንደ ቀረበ፣ ለማን እንደ ተመራ ማስተያየት ብቻ ይበቃል። በወረዳው ገዢ ላይ የቀረበ ክስ «አጣርተህ መልስ ስጥ» ተብሎ ወደዚያው ወረዳ ገዢ ከተመለሰ፣ ተከሳሹ ዳኛ ሆኗል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። ጠቅላይ ገዢው ያለ በታች ሹሞቹ ዓይንና እግር ስላልነበረው ወረቀቱን ለእነርሱ ከመመለስ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

መልስ ያጣ አቤቱታ የት እንደሚደርስ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ታሪክ ይመሰክራል። በዚያው ጠቅላይ ግዛት በጌዴኦ የሚኖሩ ቡና አምራች ገበሬዎች ለባለመሬቶች ከሚከፍሉት የምርት ድርሻ የተነሣ የቆየ ቅሬታ ነበራቸው። በ1952 ዓ.ም. ቅሬታው ወደ ግልጽ አመፅ ተለውጦ በሚጪሌ ደም ፈሰሰ፤ የብዙ ገበሬ ሕይወትም ጠፋ። ነገሩን የሚመረምር ጉባኤ በአፈ ንጉሥ እሸቴ ገዳ መሪነት የተላከው ከዚህ በኋላ ነው። የሐዋሳ ከተማ በራስ መንገሻ ሥዩም የጠቅላይ ገዢነት ዘመን የተቆረቆረችው በዚሁ ጊዜ መሆኑ ሊታሰብ ይገባል። በአንድ ጠቅላይ ግዛት፣ በአንድ ዘመን፣ በሐይቁ ዳር አዲስ ከተማ ሲቀየስ፣ ከዚያ በስተ ደቡብ ደግሞ የመሬት ጥያቄ በጦር ይመለስ ነበር።

በጎጃም የሆነውም ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ የርስቱ መለካትና የግብሩ መጨመር አሳስቦት ተቃወመ፤ በጠቅላይ ገዢው በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ አስተዳደር ላይም አቤቱታውን ወደ አዲስ አበባ አሰማ። ግጭቱ ከተስፋፋ በኋላ ጠቅላይ ገዢው ከጎጃም ተነሡ። ከዚህ የምንማረው፣ መልሱ መጣ ቢባልም የመጣው በወረቀቱ ብርታት ሳይሆን ወረቀቱ ችላ በመባሉ በተነሣው ግጭት ብርታት መሆኑን ነው። በወቅቱ ተነብቦ ቢሆን ኖሮ በብዙ የቀለለ ዋጋ የሚገኝ መልስ ነበር።

6. ብዕሩ ወደ ባለጉዳዩ ሲመለስ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት ሲሽር፣ ለብዙ ዘመን የአቤቱታ ምንጭ የነበረውን ጉዳይ ከሥሩ ነካው፤ መሬቱን የሕዝብ ሀብት በማድረጉ ግን ባለይዞታውን ከመንግሥት ጋር የሚያገናኝ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ተከለ። በትምህርት ረገድ ደግሞ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ የሲዳማና የጌዴኦ ቋንቋዎች ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ዘመቻው ያስገኘው ውጤትና የነበረበት ጉድለት ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። ለዚህ ጽሑፍ የሚበቃው፣ ባለጉዳዩ በደሉን በገዛ ቋንቋውና በገዛ እጁ ለመጻፍ የሚችልበት በር መከፈቱን መገንዘብ ነው።

ሕጉም ተራምዷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ30ኛው አንቀጽ አቤቱታ የማቅረብን መብት ከመሰብሰብ መብት ጋር አጣምሮ ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተቋቋመው የአስተዳደር በደል መርማሪ ተቋም «እንባ ጠባቂ» ተብሎ መሰየሙም የቀድሞው አቤት ባይ በስሙ ውስጥ እንዲታወስ አድርጓል። የሲዳማ ክልል በ2012 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህም የቡሹሎ ነዋሪ ማመልከቻውን ይዞ ወደ ክልሉ መንግሥት ለመድረስ እንደ ቀድሞው ሩቅ መንገድ መሄድ አያስፈልገውም። የርቀቱ ማጠር ግን በራሱ መልስ አይደለም። ወረቀቱ ተመልሶ ወደ ተከሳሹ የሚመራ ከሆነ፣ 40 ኪሎ ሜትርና 4 ኪሎ ሜትር ልዩነታቸው በድካሙ ላይ ብቻ ይሆናል።

7. ለትምህርት ሥራ የሚሆኑ ሐሳቦች

ከላይ ከተመለከተው በመነሣት ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ የታሪክ መምህራን አቤቱታን በክፍል ውስጥ ሲያስነብቡ ተማሪዎች አምስት ጥያቄዎችን በተከታታይ እንዲመልሱ ቢያደርጉ ይጠቅማል፦ ተበዳዩ ማን ነው? የጻፈው እጅ የማን ነው? የተጠየቀው ምንድን ነው፣ በየትኛው ሕግ ወይም ልማድ? ሹሙ ምን ብሎ መራው? በመጨረሻስ ምን ሆነ? አራተኛውና አምስተኛው ጥያቄ ከቀሩ ተማሪው ልቅሶ እንጂ ታሪክ አላነበበም። የባለጉዳዮች ስም ግን ተሸፍኖ መቅረብ አለበት፤ ወራሾቻቸው በሕይወት አሉና።

ሁለተኛ፣ የወረቀቱን ጉድለት የሚሞላው የሽማግሌዎች ትዝታ ነው። በ1952 ዓ.ም. 10 ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ከ75 ዓመት በላይ ነው። በሐዋሳና በአካባቢዋ፣ በቡሹሎም ጭምር፣ ያሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን አሰማርተው አባቶችና እናቶች ወደ ይርጋለም እንዴት ይሄዱ እንደነበር፣ ማን ይጽፍላቸው እንደነበር፣ ምን መልስ ይዘው ይመለሱ እንደነበር በሲዳማ ቋንቋ ቢያስመዘግቡ፣ በመዝገብ ቤት ፈጽሞ የማይገኝ ማስረጃ ይሰበሰባል። ይህ ሥራ ለብዙ ዓመት ሊቆይ የሚችል አይደለም።

ሦስተኛ፣ ለዕቅድ አውጪዎች የሚሆነው ሐሳብ የመዛግብት አያያዝ ነው። ጽሕፈት ቤት በተዛወረና መዋቅር በተለወጠ ቁጥር አሮጌ ፋይል እንደ ቆሻሻ ተቆጥሮ ወደ ሱቅ መጠቅለያነት እንዳይወርድ፣ ከመወገዱ በፊት በባለሙያ የሚመረመርበት ሥርዓት በየወረዳው ሊኖር ይገባል። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ወመዘክር በሚል ስም የሚታወቀው ተቋም የአገሪቱን ሰነድ የመጠበቅ ኃላፊነት ቢኖርበትም፣ የየወረዳውን መደርደሪያ ብቻውን ሊደርስበት አይችልም። በአቅራቢያው ያለው ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ጠባቂ ሊሆን ይችላል።

አንድ መንግሥት ምን እንዳዘዘ ለማወቅ የአዋጁን መድብል መግለጥ ይበቃል። ምን እንደ ሰማ ለማወቅ ግን በሲባጎ የታሰሩትን ወረቀቶች መፍታት ያስፈልጋል። ዛሬ በየክፍሉ የተቀመጡት ተማሪዎች ነገ ከፊሎቹ ማመልከቻ የሚጽፉ፣ ከፊሎቹም በማመልከቻ ላይ «ይመራ» ብለው የሚፈርሙ ይሆናሉ። ሁለቱንም ማስተማር የመምህሩ ሥራ ነው።